በግድግዳ የተነጋገሩት እህትማማቾች

ኮንሶርስያና ታናሽ እህቷ ሊዮኒሳ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስምንት ወር አልፏቸዋል። ተለያይተው ይኖራሉ ማለት ግን አይደለም። ኢሎይሎ በተባለችው የወደብ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ምግብ ቤታቸው ባቾይ የሚሉትን የኑድል ሾርባ ሲሸጡ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክርን ለክርን እየተገጫጩ ነው የሚውሉት። ኮንሶርስያ ምድጃው ዘንድ ቆማ መረቁን ታንተከትካለች፤ ሊዮኒሳ ጉበቱን ከትፋ፣ ኑድሉን በየሳህኑ ደልድላ ታቀርባለች። በመካከላቸው ያለው ቦታ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ቃል ግን በዚያች ቦታ አያልፍም። የሚያልፈው በደንበኛ በኩል ዞሮ ነው።

"ዴልፊን!" ትላለች ኮንሶርስያ፣ ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣውን የባጃጅ ሾፌር። "ለዚያች ሴትዮ ነጭ ሽንኩርቱ አልቋል በልልኝ።"

ዴልፊን ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አንገቱን ወደ ቀኝ ያዞራል። "ማናንግ ሊዮኒሳ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አልቋል።" ታላቅ እህትን፣ ዕድሜ የገፋችንም ሴት ማናንግ ይላሉ በዚያ አገር።

"ሰምቻለሁ። ዓይን ያለው ሰው ከመደርደሪያው ሥር ግማሽ ጆንያ እንዳለ ያያል በላት።"

ዴልፊን ወደ ግራ ይዞራል። "ማናንግ ኮንሶርስያ፣ ዓይን ያለው ሰው..."

"ሰምቻለሁ! ብላ ሾርባህን!"

የጠቡ መነሻ ዘፈን ነበር። ባለፈው ዓመት በሰፈሩ ደብር በዓል ዕለት የዘፈን ውድድር ተደረገ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ኦይስተር የሚሉትን የባሕር ቀንድ አውጣ በልቶ ሆዱን ስለቆረጠው፣ አዘጋጆቹ ከሕዝቡ መካከል ሊዮኒሳን ጎትተው በቦታው አስቀመጧት። ኮንሶርስያ በስድሳ አንድ ዓመቷ መድረክ ላይ ወጥታ፣ እናታቸው ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረው የነበረውን ዘፈን ዘፈነች። ሁለት ወር ሙሉ ለሚፈላው ድስት ስትዘፍንለት የከረመችው ዘፈን ነው። አንደኛው ዳኛ ዘጠኝ ሰጣት። ሁለተኛው ዘጠኝ ተኩል። ሦስተኛዋ፣ አንድ ጡት የጠባች እህቷ፣ ሰባት የሚል ካርቶን ከፍ አድርጋ አሳየች። ሽልማቱን፣ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያውን፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት ወሰደችው።

ቤት ሲገቡ ኮንሶርስያ ጠየቀች። ሊዮኒሳም አገጯን ቀና አድርጋ "የተሰማኝን ነው የሰጠሁት" አለች። ከዚያ ወዲህ የተባባሉት ሁሉ በሰው አፍ ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ ይህ ነገር ያንገሸገሻት ማም ኤራልዲና ነበረች፤ አጠገባቸው ካለው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ለምሳ ያላት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት መልእክት አመላለሰች። ቆጠረቻቸው። የመጨረሻውን አድርሳ ወደ ሳህኗ ስትመለስ ኑድሉ መረቁን ጠጥቶ እንደ ገመድ አብጧል።

"ለምን ተጽፎ አይለጠፍም?" አለች ማንኪያዋን እያስቀመጠች።

"የት?" አለች ኮንሶርስያ። "አከራያችን ሲር አውሬልዮ ግድግዳውን ካስቀባ ወዲህ ሚስማር አይመታም፣ ፕላስተር አይለጠፍም፣ ሙጫ አይነካም ብሏል። በየወሩ መነጽሩን አድርጎ እየመጣ ነው የሚያየው። የቅዱስ አንቶኒዮን ሥዕል እንኳ ማቀዝቀዣው ላይ ነው ያስደገፍነው።"

በማግስቱ ማም ኤራልዲና ብብቷ ሥር አንድ ረጅም ጥቅል ይዛ ገባች። ከጥቅሉ ነጭ፣ ስስ፣ የጠረጴዛ ላስቲክ የመሰለ ነገር ገንጥላ ግድግዳው ላይ አኖረችው። በመዳፏ አንዴ ዳበስ አደረገችውና ለቀቀችው። እዚያው ቀረ።

"ሙጫው የታል?" አለች ኮንሶርስያ።

"የለውም።"

ዴልፊን ተነሥቶ ጠርዙን በጥፍሩ ገለጥ አደረገና ጀርባውን አየ። "ታዲያ ምን ይዞት ነው የቆመው?"

"ኤሌክትሪክ። ፀጉርህን ስታበጥር ማበጠሪያው ብጫቂ ወረቀት ይስብ የለ? እንደሱ ነው።"

ዴልፊን ኤሌክትሪክ የምትለውን ቃል ሲሰማ እጁን መንጭቆ ወንበሩን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቀ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ርቀት ላይ ሆኖ ነው የበላው።

"ይጻፍበታል፤ በጨርቅ ይጠፋል፤ እንደገና ይጻፍበታል" አለች አስተማሪዋ ሁለተኛውን እየለጠፈች። "ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢደረግም ቀለም አይልጥም። ይሄ የእርስዎ፣ ያ የማናንግ ሊዮኒሳ። አንዱ የአንዱን እንዳይነካ። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ አፍ ሥራው መብላት ብቻ ነው።"

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ኮንሶርስያ ምድጃው አጠገብ ባለው ሰሌዳዋ ላይ "ኑድል ጨምሪ" ብላ ትጽፋለች፤ ሊዮኒሳ ሳህን መደርደሪያው አጠገብ ባለው በራሷ ላይ "እሺ" ብላ ትመልሳለች። ጽሑፍ ግን እንደ ንግግር አይደለም፤ ጊዜ ይሰጣል። ጊዜ ያገኘ ሰው ደግሞ ነገሩን መሳል ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት ኮንሶርስያ እንዲህ ጻፈች፦

"ጉበቱ ወፍራም ሆኖ እየተቆረጠ ነው። ሰው ሊበላው ነው እንጂ ጫማ ሊያሠራበት አይደለም።"

ሊዮኒሳ አነበበች። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ማርከሯን አነሣች።

"መረቁ ጨው በዝቶበታል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ የፈለገ ሄዶ ይጠጣል።"

ዴልፊን ትን አለው። ከጀርባው ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ዓሣ ነጋዴዎች "ምን ይላል? ምን ይላል?" አሉ፤ መነጽር አልያዙም። ዴልፊን ኤሌክትሪኩን ረስቶ ተነሣና ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ የኮንሶርስያን በወፍራም ድምፅ፣ የሊዮኒሳን በቀጭን።

ወሬው ገበያውን ለማዳረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ሰው ከምሳ ሰዓት በፊት መጥቶ ቦታ መያዝ ጀመረ። ወንበሮቹ ሁሉ ቀስ በቀስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዴልፊን ወደ ወደብ ልውሰዳችሁ ብሎ ያሳፈራቸውን ሰዎች "ለአምስት ደቂቃ ብቻ" እያለ በዚያ በኩል ያዞራቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጀልባ አምልጧቸው ሁለተኛ ሳህን አዘዋል።

"ትናንት ማታ የአንዳንድ ሰው ማንኮራፋት የተሰማ ጊዜ ጀልባ መጣ ብለው ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል" ብላ ጻፈች ኮንሶርስያ አንድ ዓርብ።

ሊዮኒሳ ጊዜ ወስዳ አሰበች። ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

"የእኔ ማንኮራፋት ቢያንስ ዜማ አለው።"

ቤቱ ሙሉ በአንድ አፍ "ኡ!" አለ። ኮንሶርስያ ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች። ያቺ ቃል ገብታ የት እንደተሰካች እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። እሳቱን የጨመረችው ለመረቁ አልነበረም።

ዝናቡ ሲገባ ሰሌዳዎቹ አመላቸው ተለወጠ። ማም ኤራልዲና እርጥበት አይወዱም ብላ አስጠንቅቃ ነበር፤ ኮንሶርስያ ግን ደንበኛ በደንብ እንዲያይላት ብላ የራሷን ከድስቱ በላይ ከፍ አድርጋ ሰቅላዋለች። አንድ ቀን የምሳው ግርግር በጦፈበት ሰዓት፣ በእንፋሎቱ የራሰው ሰሌዳ በቀስታ ተንሸራተተ፤ ተጠቀለለ፤ ከነስድቡ ድስቱ ውስጥ ጠለቀ።

ያን ድስት ሙሉ መረቅ ደፉት። ደንበኛው በዝምታ ሲያዝን ሳለ የሊዮኒሳ ማርከር በራሷ ሰሌዳ ላይ ሲጮህ ተሰማ።

"ዛሬ ሾርባው ማናንግ የተናገረችውን ሁሉ ዋጠ። እኔ አሥር ወር ስውጠው የኖርኩትን እሱ ለአንድ ቀን አልቻለም።"

ዴልፊን አንብቦ መጨረስ አቃተው፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ኮንሶርስያንም ሳቅ አፈናት። ወደ ጓዳ ገብታ በሽርጧ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና፣ ፊቷን አጨፍግጋ ተመለሰች። ማም ኤራልዲና አዲስ ሰሌዳ አመጣችላት።

ነገሩ የዞረው አንድ ሰኞ ማለዳ ነው። ሊዮኒሳ ጉበት ልትገዛ ወጥታለች። ኮንሶርስያ በሩን ስትከፍት የእህቷ ሰሌዳ በሌሊቱ እርጥበት ለቅቆ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። የዚያችን ሴትዮ ዕቃ አልነካም ብላ ተራምዳው አለፈች። ከዚያ ተመለሰች፤ ሰው ይረግጠዋል ብላ ነው። አነሣችውና አቧራውን ልታራግፍ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ፀሐይዋ ገና በአግድም ነበር የምትገባው።

እንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ብዙ ከቆየ፣ ወይም አንድ ነገር ተመላልሶ ከተጻፈበት፣ በጨርቅ ቢጠፋም ጥላው ይቀራል። ከፊት ለፊት አይታይም። በሰያፍ ብርሃን ግን ይታያል። ኮንሶርስያ ዓይኗን አጥብባ አየች። ከስድቦቹ ሥር፣ ከጨዋታው ሥር፣ አንድ ነገር አምስት ስድስት ቦታ ተጽፎ ጠፍቷል፦

"ማናንግ፣ አሥር ነበር።"

አንዱ ከአንዱ ላይ ተደራርቧል። አንደኛው ጋ "አሥር ነበር፤ እጄ ፈራ" ይላል። ሌላው "ማና" ላይ ቆሟል።

ነጭ ሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሊዮኒሳ ጉበት የያዘ ፌስታሏን እያንጠባጠበች ስትገባ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

"አሥር ነው ወይስ ሰባት?" አለች ኮንሶርስያ።

ሊዮኒሳ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። "አሁን የተናገርሽው እኔን ነው?"

"ሌላ ሰው ይታይሻል?"

"አየሽ! ቀድመሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ! አሸነፍኩ!" አለችና ሊዮኒሳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አትነፍረቂ፤ መልሺ!"

"አሥር ነው የጻፍኩት" አለች ሊዮኒሳ በክንዷ አፍንጫዋን እየጠረገች። "የእማዬ ዘፈን እኮ ነው። ከዚያ የሥጋ ሻጩ ሚስት ከኋላዬ ሆና 'መቼስ እህትማማች...' ስትል ሰማሁ። ሰረዝኩት። ዘጠኝ ልጽፍ አልኩ፤ ዘጠኝም አድልዎ መሰለኝ። ስምንትም..."

"በዚያው ብትቀጥይ ዜሮ ላይ ትደርሺ ነበር!"

"ሰባት ላይ ስደርስ ካርቶን አንሡ ተባልን።"

"አሥር ወር ሙሉ ታዲያ አፍ አልነበረሽም?"

"ልነግርሽ ስል ድስት ወረወርሽብኝ።"

"ክዳኑን ነው የወረወርኩት።"

"ክዳኑም ድስት ነው፣ ማናንግ!"

ከዚያ ምን እንደተባባሉ ለመናገር ያስቸግራል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እያወሩ ነበርና። ጉበቱን ግን ዝንብ ወረረው።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ሁለቱም ሰሌዳዎች ባዶ ነበሩ። ኮንሶርስያ "ሊዮኒሳ፣ እስቲ ሳህን አቀብይኝ" ትላለች፤ ሊዮኒሳ "ይኸው ማናንግ" ትላለች። ደንበኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ጠረጴዛ ሞልተው የተቀመጡ የባንክ ሠራተኞች ግድግዳውን አዩ፣ ቆዩ፣ ድጋሚ አዩ፤ ከዚያ አንዷ "ነገ ሲጽፉ እንምጣ" ብላ ቦርሳዋን አነሣች። ተከትለዋት ወጡ።

"ታመው ነው?" አለ ዴልፊን ማም ኤራልዲናን በሹክሹክታ።

በማግስቱ ግማሹ ወንበር ባዶ ዋለ። እህትማማቾቹ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ገርበብ አድርገው ተማከሩ።

"እንጣላ" አለች ሊዮኒሳ።

"ገና ትናንት ታርቀን!"

"ለዓይን ነው እንጂ! ስድቡን እዚህ ቁጭ ብለን እናዘጋጅ፤ ነገ እንጽፈው።"

እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንድ ሳህን ጥብስ ሙዝ በመካከላቸው አድርገው የነገውን ስድብ ያሰናዳሉ። ኮንሶርስያ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ስቃ አታውቅም። እያንዳንዷ ራሷ የምትሰደብበትን ለሌላዋ ትፈልግላታለች። "ስለ እግሬ ጻፊ፤ እግሬ ያስቃል" ትላለች ኮንሶርስያ። "አይ፣ ስለ እግርሽ ባለፈው ብለናል። ስለ ጥርሴ አንቺ ጻፊ" ትላለች ሊዮኒሳ። ደንበኛው በእጥፍ ተመለሰ።

አንድ ቀን ኮንሶርስያ ሌሊት ተኝታ ያሰበችውን አንድ ረጅም ስድብ፣ ስለ ሊዮኒሳ ቀሚስና ስለ ዓሣ መረብ የሆነውን፣ በኩራት አነበበችላት። ሊዮኒሳ ሙዝ እያኘከች አንገቷን ወዘወዘች።

"ደህና ነው። ከአሥር... ሰባት።"

ሊዮኒሳ ምን እንዳለች የገባት ሙዙን ከዋጠች በኋላ ነው።

"ማናንግ፣ ማለቴ..."

ኮንሶርስያ ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ ሁለቱም ሰሌዳ ላይ የሰፈረው እውነተኛ ስድብ ነበር፤ ያልታሸ፣ ያልተኳለ፣ ከአንጀት የወጣ። ዴልፊን አነበበና ከንፈሩን መጠጠ።

"ዛሬስ ቀዝቅዟል። የትናንቱ ይሻል ነበር።"

ከዓሣ ነጋዴዎቹ አንዱ "እየደከሙ ነው መሰል" አለ።

ኮንሶርስያ ሊዮኒሳን አየቻት። ሊዮኒሳም አየቻት። ሁለቱም ባንድነት ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ድስት ቢወድቅ እንኳ የማይሰማበት ሳቅ ሳቁ። ደንበኛው ግን ከወዲህ ሆኖ ሲሰማው ለቅሶ መሰለው።

በተለይ ዴልፊን ልቡ ተነካ። ያን ሁሉ ወር ጮክ ብሎ ሲያነብ የቆየው እሱ ነው፤ ጠቡ የከረረው በእኔ ነው ብሎ ኅሊናው ወቀሰው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን ቄስ ፓድሬ ግራሲያኖን በባጃጁ ጭኖ መጣ። ማም ኤራልዲና ከኋላ አበባ ይዛለች። ዓሣ ነጋዴዎቹ፣ የባንክ ሠራተኞቹ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ተከትለዋል። እህትማማቾቹ በሩን ሲከፍቱ ፊት ለፊት የቆመው የዕርቅ ጉባኤ ነው።

"ልጆቼ" አሉ ፓድሬው፣ "የአንድ እናት ልጆች እስከ መቼ በግድግዳ ይነጋገራሉ?"

ኮንሶርስያ አፏን ከፈተች፤ ሊዮኒሳ እግሯን ረገጠቻት። እውነቱን ቢናገሩ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያታልሉ መክረማቸው ሊወጣ ነው። ፓድሬው የሁለቱንም እጅ ይዘው አገናኙ። "በይ አንቺ ታላቅ ነሽ፤ ይቅር በያት።"

"ይ... ይቅር ብያለሁ" አለች ኮንሶርስያ። ሳቋን ስትይዝ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

"እኔም" አለች ሊዮኒሳ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ የእህቷ ትከሻ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። ሁለቱም ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። የባንክ ሠራተኞቹ አለቀሱ። ዴልፊን ባርኔጣውን አውልቆ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ፓድሬ ግራሲያኖ ጠጋ ብለው ሁለቱን ባረኩና፣ ማንም ሳይሰማ "እኔ ሠላሳ ዓመት ኑዛዜ ሰምቻለሁ፤ ሳቅና ለቅሶ አይጠፋኝም። ግን መልካም ሥራ ነው፤ ቀጥሉ" አሉና ሁለት ሳህን ባቾይ በልተው ሄዱ።

ኮንሶርስያ በአንድ በኩል ቀለላት። ማስመሰል ለዕድሜዋ አይሆንም። በሌላ በኩል ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ነጭ ሰሌዳዎች ስታይ ቤቱ ጸጥ ሊል ነው ብላ ሆዷ ባባ። ታርቀናል ብለው በአደባባይ አልቅሰው እንግዲህ ምን ብለው ይጻፉ?

የጻፈው ዴልፊን ነው። ሾርባውን ጨርሶ ባዶውን ሰሌዳ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ ማርከሩን አነሣ። ማንም አልከለከለውም።

"ሚስቴ ኢሉሚናዳ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሳታሳርር ያበሰለችው ሩዝ አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ቀንም ያበሰለችው እናቷ ነበረች።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዴልፊን ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። በማግስቱም ጻፈ፤ በሦስተኛውም ቀን። ዓሣ ነጋዴዎቹም ስለ አማቾቻቸው ሞከሩ። ሊዮኒሳ ዴልፊንን "ሚስትህ ብትመጣስ?" አለችው።

"ኢሉሚናዳ? በዚህ በኩል አትመጣም፤ ገበያዋ ወዲያ ማዶ ነው።"

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ኢሉሚናዳ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ሰላም አላለችም። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። ዴልፊን ወንበሩ ላይ እያነሰ ሄደ።

"ምሳ ላቅርብልሽ?" አለች ኮንሶርስያ በለሰለሰ ድምፅ።

"በኋላ" አለች ኢሉሚናዳ ዘንቢሏን እያስቀመጠች። "መጀመሪያ መጻፊያውን ስጡኝ።"

ሊዮኒሳ በሁለት እጇ አቀበለቻት። ማም ኤራልዲና የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማችና ንቅንቅ አላለችም። ኢሉሚናዳ በደቃቅ ጽሕፈት ጀመረች። አንዱን ሰሌዳ ሞላች። ዞር ብላ ሁለተኛውን አየችና "ይሄንንስ ብጠቀም?" አለች።

"ያንቺው ነው" አሉ እህትማማቾቹ ባንድ አፍ።

ሁለቱ ተጠጋግተው ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ አንገታቸውን አስግገው እያነበቡ ቆሙ። ከጀርባቸው መረቁ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ማንም አላየም።